ቄብ ዶሮዎችን በቤታቸው ማሳደር፦ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

በአርሲ ሀገረ ስብከት የሚገኙ ሰበካ ጉባኤያት ችግረኛ ቤተሰቦችን ለመደገፍ ሲመክሩ የዶሮ እርባታ ብዙ ጊዜ ከፊት ይነሣል። ሰፊ መሬት አይጠይቅም፤ መነሻ ገንዘቡ ከላምና ከበግ ያነሰ ነው፤ እናቶችም ከደጃፋቸው ሳይርቁ ሊሠሩት ይችላሉ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ማርባት በየገጠሩ ይበልጥ እየተለመደ መጥቷል።

ይሁን እንጂ በዕቅዶቻችን ውስጥ ተጽፎ የማናገኘው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ቄቦቹ በመጡበት ሰሞን ማታ 12 ሰዓት ላይ ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ የሚቆመው ማን ነው የሚለው ነው። ቤቱ ይሠራል፤ ቆርቆሮው ይመታል፤ ቄቦቹ ይታደላሉ፤ ርክክቡም በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት ይዘጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በምሽት ተመልሶ የሚያይ ሰው ቢኖር ግን አዲሱን ቤት ባዶውን ሊያገኘው ይችላል። ገሚሶቹ አጥር ላይ፣ ገሚሶቹ ወይራ ወይም ጽድ ላይ፣ የቀሩትም ከሕፃናቱ ጋር በመኖሪያ ቤት ውስጥ ናቸው። በእኔ አስተያየት የዶሮ ቤት ተሠርቶ አለቀ የሚባለው ዶሮዎቹ ማንም ሳይነዳቸው በራሳቸው የገቡበት ምሽት ነው። ወደዚያ ምሽት እንዴት እንደሚደረስ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

እናት ያላየ ጫጩት

የዶሮ የዱር ዘመድ እስከ ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ይኖራል። ቀን መሬት ሲጭር ይውልና ምሽት ሲቃረብ ወደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይወጣል። ዓይኑ በጨለማ ደካማ ስለሆነ በሌሊት ከሚያድን አውሬ የሚሸሸው አስቀድሞ ከፍ ብሎ በመስፈር ነው። ይህ ጠባይ ዶሮ ከሰው ጋር በኖረችባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አልጠፋም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ ከዶሮ ጋር የሚወለድ ነው፤ የትኛው ከፍ ያለ ቦታ የሚለው ግን በትምህርት የሚገኝ ነው።

በሐበሻ ዶሮ ዘንድ አስተማሪዋ እናት ናት። የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መሬት ላይ በክንፏ ሥር ታሳድራለች። ላባቸው ሲሞላ አንድ ምሽት ወደ ቆጧ ትወጣና ከላይ ሆና ትጠራቸዋለች፤ እነርሱም እየዘለሉ፣ እየወደቁ፣ እንደገና እየዘለሉ ይከተሏታል። ጌታችን ስለ ኢየሩሳሌም ሲናገር ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር የምትሰበስብ ዶሮን ምሳሌ ማድረጉ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 እና በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ተጽፎ ይገኛል፤ እናንተም አባቶች ለምእመናን ብዙ ጊዜ ተርጉማችሁታል። ምሳሌውን የሰሙት ሰዎች ነገሩን በየምሽቱ በደጃቸው የሚያዩት ስለ ነበር ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ዛሬ በፕሮጀክት የምናድላቸው የሳሶ ወይም የቦቫንስ ብራውን ቄቦች ግን ይህችን እናት አላዩአትም። በማሽን ተፈልፍለው በአንድ ቀን ዕድሜያቸው በካርቶን ወደ አሳዳጊ ይላካሉ። እዚያም በአምፖል ወይም በከሰል ሙቀት ዙሪያ፣ ቆጥ በሌለው ወለል ላይ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ያድጋሉ። ከቤት ወጥተው የማያውቁ ፍጥረቶች ወደ ቤት መመለስ ምን እንደሆነ ሊያውቁ አይችሉም። አንድ ቀን በድንገት ተይዘው፣ ተጭነው፣ በማያውቁት ግቢ ይለቀቃሉ። በዚያ ምሽት ሲጨልምባቸው በተፈጥሯቸው ከፍታ ይፈልጋሉ፤ አለዚያም እንዳደጉት ከአንድ ጥግ ተፋፍገው መሬት ላይ ይተኛሉ። አርቢው «እነዚህ የፈረንጅ ዶሮዎች ሞኞች ናቸው» ሲል ብንሰማ ሞኝነት አይደለም፤ ያስተማራቸው የለም።

አርሲ ለተሻሻለ ዝርያ እንግዳ አይደለችም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ሥራ የጀመረውና «ካዱ» በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት የተዳቀሉ የወተት ላሞችን በዚህ ምድር ሲያስፋፋ የመኖ ተክልና የአያያዝ ምክር ከላሟ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። የተዳቀለች ላም ሰጥቶ ብቻ መሄድ እንደማይበቃ ዛሬ በአሰላ ዙሪያ የማያውቅ ገበሬ የለም። ለዶሮ ሲሆን ግን፣ ምናልባት ትንሽ እንስሳ ስለሆነች፣ ይህን እንዘነጋለን።

ከሰው ጋር የሚያድሩ ዶሮዎች

ቆጥ የሚለው ቃል ራሱ የድሮውን የደጋ ቤት ያስታውሰናል። በቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ዕቃም ይቀመጥበታል፣ ዶሮም ያድርበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስለጣለችው ሴት የሚነገረው ተረትም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ዶሮን ከሰው ጋር ማሳደር ከስንፍና የመጣ ልማድ አይደለም። ውጭ ሽለምጥማጥ አለ፤ ሌባም አለ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ በተወጣ ቁጥር ብርዱ ይበረታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ጊዜም አለ። አንዲት እናት ያላትን አምስት ዶሮ ከምድጃዋ አጠገብ ብታሳድር በቂ ምክንያት አላት።

ሆኖም ይህ ልማድ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር የሚኖሩ ቤተሰቦችን መረጃ መርምረው በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት ዕድገታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ዶሮዎቹ ሌሊት በመኖሪያ ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ቤት ግን ከዕድገት ጋር የታየው ግንኙነት ተገላቢጦሽ ነበር። እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። ነገር ግን የዶሮ ኩስ ሰውን በተቅማጥ የሚያሳምሙ ተህዋስያን እንደሚይዝ የታወቀ ነው፤ ገና የሚድኽ ሕፃን ደግሞ እጁ የነካውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ሌሊቱን ኩስ በወረደበት ወለል ላይ ጠዋት የሚጫወተው ልጅ፣ እንቁላል ይበላልናል ብለን ዶሮ የሰጠንለት ያው ልጅ ነው።

ስለዚህ ቄቦቹ አዲሱን ቤት ትተው ወደ ሰው ቤት ሲገቡ ነገሩን «ዋናው ዶሮዎቹ በሕይወት መኖራቸው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ቤቱ እንዲጠራቸው

ከማስለመዱ በፊት ቤቱ መታየት አለበት፤ ዶሮ የማትወደውን ቤት በትዕግሥት ብቻ ማስወደድ አይቻልምና። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ብርሃን ነው። ምሽት ላይ ውጭው ገና ደብዘዝ ብሎ ሳለ መስኮት የሌለው የዶሮ ቤት ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ዶሮ ወደማታየው ቦታ አትገባም። በሽቦ የተሸፈነ አንድ መስኮት በምዕራብ በኩል ከፍ ብሎ ቢከፈት የመጨረሻው የፀሐይ ብርሃን ቆጡ ላይ ያርፋል፤ በሩ ላይ የቆመችው ቄብም መድረሻዋን ታያለች። ይህን ማድረግ ካልተቻለ በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ መብራት ከቆጡ በላይ ሰቅሎ ከገቡ በኋላ ማጥፋት ይበቃል። ኩራዝ ግን ጭድ በተነጠፈበት ቤት ፈጽሞ አይገባም።

ቆጡ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ እንጨት ይሁን። የባሕር ዛፍ አጣና ልጡ ተልጦ ይሆናል። ዶሮ ስትተኛ በላባዋ ጣቶቿን ሸፍና ነውና በጣም የቀጠነ እንጨት በብርድ ሌሊት እግሯን ያጋልጣል። ለአንዲት ያደገች ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይታሰብላታል፤ ለአሥር ዶሮዎች የሁለት ሜትር እንጨት ማለት ነው። ለቄቦች መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ ሲለምዱ ከፍ ይደረጋል። ሳሶ ከባድ ዶሮ ስለሆነች ካደገችም በኋላ ከግማሽ ሜትር ብዙ ባይበልጥ ይሻላል፤ ከከፍታ ስትዘል የእግሯ መዳፍ ይጎዳልና። የእንቁላል መጣያው ሣጥን ከቆጡ ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ሣጥኑ ውስጥ ያድራሉ፤ እንቁላሉም በኩስ ይበላሻል።

ስለ ብርድ አንድ ነገር ልጨምር። የደጋ ሰው ለዶሮው አዝኖ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ ይመርጋል። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ ላባዋ የሞላ ዶሮ ደረቅ ብርድን ትችላለች። የማትችለው እርጥበትንና ከኩስ የሚወጣውን ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ነው። ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አየር መውጫ ይተው፤ ቆጡ ባለበት ከፍታ ላይ ግን ነፋስ እንዳይመታቸው ግድግዳው ድፍን ይሁን። ለወለሉ የስንዴና የገብስ ጭድ በአርሲ አይታጣም፤ እርጥበት ሲይዝ ይለወጥ። አየር መውጫው ሽቦ ይደረግበት፤ ሽለምጥማጥ ሰውነቱን አቅጥኖ በጠባብ ቀዳዳ መሹለክ ስለሚችል ከሁለት ጣት የሚሰፋ ክፍተት አይተው። ቤቱም ድምፅ በሚሰማበት ርቀት፣ ከመኖሪያው አጠገብ ይሠራ። ባለቤቷ ሌሊት ድምፃቸውን የማትሰማቸው ከሆነ ወደ ቤቷ ብታስገባቸው አይፈረድባትም።

ሰባት ቀን በዝግ

ቄቦቹ በጠዋት ወይም ቢያንስ ከቀትር በኋላ ሳይመሽ ይድረሱ። በጨለማ የገቡ ከሆነ ውኃውንም መመገቢያውንም ሳያውቁ ያድራሉ። ከመጡበት ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል ከቤቱ አይወጡም፤ መኖና ውኃ እዚያው ውስጥ ይቀርብላቸዋል። እናቶች «አሳሰራችኋቸው» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ዶሮ ቤቷ የት እንደሆነ የምትማረው በዚህ መንገድ ነው፤ የበላችበትንና ተኝታ የነቃችበትን ስፍራ ታስታውሳለች። ቤቱ ለሙሉ ቀን የሚጠብ ከሆነ ከፊት ለፊቱ በሽቦ ወይም በጥልፍልፍ እንጨት ትንሽ ግቢ ይታጠርለት።

በእነዚህ ሰባት ምሽቶች ቤቱን ዘግቶ መተኛት አይበቃም። ከጨለመ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ደብዘዝ ያለ የእጅ ባትሪ ይዞ ይግባ። ቆጥ የማያውቁ ቄቦች ጥግ ላይ ተደራርበው ይተኛሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው የሚሞቱበት ጊዜ አለ፤ ጠዋት ሬሳ ያገኘ አርቢ በሽታ ነው ብሎ ይደነግጣል። ጥጎቹን በጭድ ሞልቶ ማድበልበል መደራረቡን ይቀንሳል። ከዚያም መሬት ላይ ያሉትን አንድ በአንድ፣ ከደረታቸው በታች በሁለት እጅ እየያዙ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ነው። በጨለማ ዶሮ አትሸሽም፤ እግሯ እንጨቱን ሲነካ ጨብጣ ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ምሽት ሁሉንም ማንሣት ያስፈልግ ይሆናል። በሦስተኛው ገሚሶቹ ወጥተው ይጠብቃሉ። ሦስት አራቱ መንገዱን ካወቁ የቀሩት ያዩአቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጣን ነው።

በስምንተኛው ቀን ይወጣሉ፤ ግን በጠዋት አይደለም። በአሰላ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ከ45 ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ በሩ ይከፈት። ከቀትር በኋላ መኖ ሳይበሉ ይቆዩ። የራቡ ቄቦች ከደጃፉ ብዙ አይርቁም፤ ለመዞርም ጊዜ የላቸውም። ሊመሽ ሲል ሁልጊዜ የሚመግባቸው ያው ሰው፣ በዚያው ጣሳ፣ ጥሬውን እያንሿሿ ይጥራቸውና በቤቱ ውስጥ ይበትንላቸው። «እሽ» እያሉ በዱላ መንዳት ግን የሳምንቱን ድካም ያፈርሳል፤ በር ማለት ድንጋጤ ማለት ይሆንባቸዋል። የገቡት ይቆጠሩ፤ ውጭ የቀረች ካለች እስኪጨልም ተጠብቆ ካረፈችበት ተይዛ ቆጡ ላይ ትቀመጥ። በየቀኑ የመውጫው ሰዓት እየቀደመ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሙሉ ቀን ይውላሉ። ጣሳውን የሚይዘው ሰው ሳይለወጥ ቢቆይ መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ ከአባወራው የተሻለች ሆና አይቻታለሁ፤ ሰዓቷን ታከብራለች።

ዛፍ ላይ ማደር የጀመረች ቄብ ካለች አንድም ሌሊት አትለፍ፤ ዶሮ ትናንት ወዳደረችበት ትመለሳለችና። በምሽት ከዛፉ ማውረድ ለተከታታይ ቀናት ይቀጥል፤ የአንድ ክንፏን ረጃጅም ላባዎች ጫፍ መቁረጥም ይረዳል፤ አያማትም፤ ላባውም ይተካል። እንደ ፋዮሚ ያሉ ቀላልና በራሪ ዝርያዎች በዚህ ረገድ ያስቸግራሉ። ቤቱን የለመደች አሮጊት የሐበሻ ዶሮ ብትጨመርላቸው እንደ እናት ትመራቸዋለች፤ ይህ ከምክሮች ሁሉ የምወደው ነው። ነገር ግን ለፈንግል የተከተበችና ጤነኛ መሆኗ ሳይረጋገጥ ከቄቦቹ ጋር አትቀላቀል።

የለመዱ ዶሮዎች ከወራት በኋላ በድንገት አንገባም ቢሉ ጠባያቸው ተበላሸ አይባል። በሌሊት የእጅ ባትሪ ይዞ የቆጡን ሥርና ስንጥቅ ማየት ነው። ደም የሚመጡ ጥቃቅን ቀያይ ተባዮች ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ተሸሽገው ሌሊት ወደ ዶሮዋ ይወጣሉ፤ በየሌሊቱ የምትበላበትን አልጋ ማን ይወዳል? ቆጡን አውጥቶ በፈላ ውኃ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ለዶሮዎቹም የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ ማቅረብ ይጠቅማል። ተባይ ካልተገኘ የሽለምጥማጥ ዱካ ይፈለግ፤ እርሱም ካልታየ የኩሱ ሽታ በርትቶ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ በእነርሱ ከፍታ ማሽተት ነው።

የሚገኘው ጥቅም ከደኅንነት ያልፋል። ዶሮ በብዛት የምትጥለው በጠዋት ስለሆነ በቤቷ ያደረችና እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት የቆየች ዶሮ እንቁላሏን ቁጥቋጦ ውስጥ አትደብቅም። ከቆጡ ሥር የሚጠራቀመው ኩስ ከጭድ ጋር ብስባሽ ሆኖ ለጓሮ አትክልት ይውላል። ከሁሉ በላይ ግን ክትባት ነው። ፈንግል አንድ መንደር ከገባ ያልተከተበ ዶሮ አያስተርፍም። መከላከያው ክትባት በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ከዓይነቶቹም በዓይን ጠብታ የሚሰጥ አለ። የሚያስቸግረው ዶሮዎቹን መያዙ ነው፤ በቀን ሃያ ዶሮ ሲያባርር የዋለ ባለሙያ ግማሾቹን ሳይከትብ ይሄዳል። ቆጥ ላይ ያሉትን ግን ሁለት ሰዎች ማታ ወይም ገና ሳይነጋ ያለ ሩጫ ይጨርሷቸዋል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ ለኮሚቴው የሚቀረው ሥራ የጊዜ አመራረጥ ነው። ቄቦችን በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ ወይም በፍልሰታ መግቢያ ማደል አይገባም። በእነዚያ ቀናት ምእመናን ብዙውን ጊዜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ያሳልፋሉ፤ በሠርክ ሰዓት ከዶሮ ቤት ደጃፍ የሚቆም አይገኝም፤ ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ የሚበረታበት ወር ነው። የስንዴው አጨዳ ሲደርስም ቤተሰቡ ከማሳ የሚመለሰው መሽቶ ነው። ከመስቀል በኋላ አጨዳው ሳይጀመር ያሉት ሳምንታት፣ እንዲሁም ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ የተሻሉ ናቸው። ዕደላው ሃይማኖት ሳይለይ ለጎረቤት ሙስሊም ቤተሰቦችም የሚደርስ ከሆነ የእነርሱ የረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓትም ይታሰብ፤ እርሱም ያው የምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነውና።

በበጀቱም ለሁለት ሳምንት የሚሆን መኖ ከቄቦቹ ጋር ይያዝ። ያለ መኖ ዝጉባቸው ማለት በችግረኛ ቤተሰብ ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ የሚበላ ያጣች እናት በሁለተኛው ቀን ብትለቃቸው አይገርምም። አንድ የሰበካው ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት በየምሽቱ ሦስት አራት ቤቶችን እየዞረ ቢያይ ደግሞ አዲስ አርቢ ብቻውን አይቀርም፤ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ለዚህ ይሆናሉ።

በሪፖርት ረገድ የተሠሩ ቤቶችና የታደሉ ቄቦች ብዛት በየሩብ ዓመቱ ይደርሰናል። ከእነዚህ ጎን አንድ ዓምድ እንዲጨመር እጠይቃለሁ፤ ከዕደላው በኋላ በሠላሳኛው ሌሊት በቤታቸው ቆጥ ላይ የተገኙ ዶሮዎች ብዛት ይጻፍበት። ቀን የሚደረግ ቆጠራ የትኞቹ ዶሮዎች የት እንደሚያድሩ አይናገርም። ስለዚህ ቆጣሪው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ የእጅ ባትሪና እርሳስ ይዞ ይሂድ፤ ከቤቱ ውጭ የተገኙት ካሉም ያደሩበትን ስፍራ፣ አጥርም ይሁን ዛፍ ወይም መኖሪያ ቤት፣ በዚያው ረድፍ ይመዝግብ።